ስለ አባይ ሁሉም ዘፈነ፤ ጨሞጋን፣ ተምጫን፣ ሙጋን ማን ያንሳቸው?

የጨሞጋው (ክሩን የከፈተ)

እንዴት ሰነበታችሁ ያገሬ ልጆች። ሰሞኑን በሆዴ ሲመላለስ የከረመ ነገር አለና ላውጋችሁ።

ስለ አባይ ያልገጠመ ገጣሚ፣ ያልዘፈነ ድምፃዊ የለም ማለት ይቻላል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገጥሞለታል። የቻግኒዋ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባው ዘፍናለታለች። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ ወዲህ ደግሞ የአባይ ዘፈን ያልወጣበት ዓመት የለም። ደስ ይላል። ይገባዋልም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አባይን ያበዙት የኛ ትንንሽ ወንዞች የት ገቡ?

ከጎጃሙ ጮቄ ተራራ ብቻ ስንት ወንዝ እንደሚወርድ አስቡ። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ፣ ጀደብ። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ደመናውን ይይዝና ውሃውን በየአቅጣጫው ያከፋፍላል። እነዚህ ሁሉ ዞረው ዞረው አባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ስማቸው ይጠፋል፤ ሁሉም አባይ ይባላል።

ጨሞጋን ለማታውቁት፦ ከጮቄ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል አልፎ ወደ አባይ የሚወርድ ወንዝ ነው። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለላችሁ ትሻገሩታላችሁ። በሐምሌ ግን በሬ ይወስዳል። በዜና ስሙን የሰማችሁ ካላችሁ፣ የጨሞጋ የዳ የኃይል ማመንጫ እቅድ ሲወራ ይሆናል። ከዚያ ውጪ ከጎዛምን ለራቀ ሰው ጨሞጋ ምንም አይደለም።

እኛ ሰፈር ግን ጨሞጋ በሰርግ ግጥም ውስጥ አለ። በእንግጫ ነቀላ አለ። በደቦ አጨዳ ላይ፣ ማህሌት አድረው በሚመለሱ ሰዎች ጨዋታ ውስጥ አለ። ችግሩ ግጥሙ ስቱዲዮ ሲገባ ነው። ዜማው ይወሰዳል፣ ግጥሙ ይወሰዳል፣ «ጨሞጋ» ወጥቶ «አባይ» ይገባል። ከልጅነቴ የማውቀው ግጥም እንዲህ ሆኖ በሬዲዮ ሲዘፈን ሰምቼ አዝኛለሁ። የተሰረቀ ያህል ነው የተሰማኝ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በየአካባቢያችሁ ያለው ትንሽ ወንዝ በዘፈን፣ በተረት፣ በበዓል ውስጥ እንዴት እንዳለ ጻፉልኝ። ስሙን እንደያዘ የቀረ ግጥም ያላችሁ ደግሞ አትንፈጉን።


ሰከላዬ

ወንድሜ፣ አነሳሱ ግሩም ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ። ትንሽ ወንዝ ስትል አባይን ከሌላ ወገን አድርገህ አስቀመጥከው። ሰከላ መጥተህ ብታይ እንዲህ አትለያቸውም። አባይ ራሱ እኛ ጋ ትንሽ ወንዝ ነው።

ግሽ ላይ ምንጭ ናት። ከዚያ ወርዳ ጅረት ትሆናለች፤ እረኛ ልጅ ከብቱን እየነዳ አቋርጧት ያልፋል። ወደ ሰሜን ወርዳ ወተት አባይ ላይ የባሕር ዳሩን መንገድ ስታገኝ ግልገል አባይ ተብላ ድልድይ ይዘረጋላታል። ጣና ስትገባ ደግሞ ከገባሮቹ ሁሉ ትልቋ እሷ ናት። ይህ ሁሉ ዝና የመጣው ከዚያች ጭቃማ ምንጭ ነው።

ዝናው ደግሞ በዘፈን አልጀመረም። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ግዮን የተባለው ወንዝ፣ ኩሽን ምድር ይከብባል የተባለው፣ አባይ ነው ብሎ የኛ ሰው ያምናል። ከዚያ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ታሪክ አለ። ጻድቁ ሊያስሯቸው ሲመጡ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ። ከእስር ሲመለሱ «አደራዬን መልሽ» አሉ። ምንጩም አንዲት ጠብታ ሳያርፍባቸው መለሰላቸው። ይህን ታሪክ እኛ ጋ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ወንዝ አደራ ጠባቂ የሆነበት ተረክ ነው። እስካሁን እህል የቀመሰ ሰው ወደ ጠበሉ አይጠጋም።

ፈረንጆቹም የመጡት ለዚህችው ምንጭ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770። ብሩስ ፓኤዝ ቀድሞት ማየቱን ላለመቀበል ብዙ ተከራክሯል። ሁለቱም ግን ቦታው ሲደርሱ ያገኙት ቀሳውስትና ምእመናን ቀድመው የሚያውቁትን ውሃ ነው። «አገኙት» የሚባለው ነገር እኛ ጋ ሁሌም ያናድዳል።

እና የምልህ፣ ትንሽ ወንዝ ታዋቂ የሚሆነው ታሪክ ሲኖረው ነው። የጨሞጋን ታሪክ ጻፍልን። በአባይ አትቅና።


የጨሞጋው

ለሰከላዬ፦ አመሰግናለሁ። ቅናት አይደለም ግን። የዘርዓ ብሩክ ታሪክ እኮ ስሙን እንደያዘ ኖሯል፤ ያንን ማንም በሌላ ወንዝ አልቀየረባችሁም። የኔ ቅሬታ እሱ ነው።


ደብረ ኤልያስ

ልክ ብለሃል። እኛ ጋም እንዲሁ ነው። የሰርግ ግጥሞቹን ሁሉ ከተማ ሄደው ሲመለሱ አናውቃቸውም።


ባለማሲንቆ

ሙዚቀኛ ነኝ፤ አዝማሪ ቤት ነው ያደግኩት። ነገሩን ከውስጥ ልንገራችሁ።

ዘፈን ስትቀዳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይሰማዋል?» ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው፣ አሜሪካ ያለ ሰው፣ አረብ አገር ያለች እህታችን ትስማው። «ሱሃ» ብትላት የወንዝ ስም መሆኑን ላታውቅ ትችላለች። «አባይ» ስትላት ግን እንባዋ ይመጣል። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ይህን ያውቃል። ግጥሙን የሚያስቀይረው እሱ ነው፤ ዘፋኙ ብዙ ጊዜ ምርጫ የለውም። ዘፋኙን አትቀየሙት።

ቤት ውስጥ ስንጫወት ግን ሌላ ነው። አዝማሪ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ አገሩን ይጠይቃል። ደምበጫ ካለ ተምጫ ትገባለች። ደብረ ማርቆስ ካለ ጨሞጋ ይገባል። ፍኖተ ሰላም ካለ ላህን ታነሳለህ። ሰውየው የወንዙን ስም ሲሰማ ቁጭ ብሎ መስማት አይችልም፤ ተነስቶ ይሸልማል። አባይ ብትለው ያጨበጭባል። ተምጫ ብትለው ኪሱን ይፈታል። አሮጌዎቹ አዝማሪዎች የየወረዳውን ወንዝ በቃላቸው የያዙት ለዚህ ነው። ሙያ ነው። የአንድን ሰው ወንዝ፣ ደብርና የሚታወቅ ጀግና ካወቅህ ግጥሙ ይመጣልሃል።

ስለዚህ የትንንሾቹ ወንዞች ግጥም አልጠፋም። ቀረጻ ላይ የለም እንጂ ምሽት ላይ አለ። ጠዋት ግን ማንም አያስታውሰውም። እዚያው ተገጥሞ እዚያው የሚቀር ነገር ነው።


የቻግኒዋ

ይሄ ነገር እውነት ነው! አባቴ በሆነ ሰርግ ላይ አዝማሪው የወንዙን ስም ሲያነሳለት ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሌላ ጊዜ የማያለቅስ ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ጎጃም ውስጥ የሚዘፈነው ሁሉ በአማርኛ አይደለም። አዊ ላይ በአዊኛ የሚዘፈኑ አሉ። ዱራና አርዲ በአማርኛ ግጥም ውስጥ ከፈለጋችኋቸው ታጧቸዋላችሁ። በአዊኛ ጠይቁ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኞቹ ሲሰባሰቡ የመጣ ሰው ያውቃል፤ ሽለላው፣ ዘፈኑ፣ የፈረሱ ስም፣ የመጣበት ቀበሌ ሁሉ አብሮ ይነሳል። የምትሰበስቡ ከሆነ እኛንም ቁጠሩን።


የጨሞጋው

እህቴ፣ ጥሩ አነሳሽ። እንቆጥራችኋለን። አዊኛውን ከነአማርኛ ትርጉሙ ብትጽፉልን ደግሞ ሁላችንም እንማራለን።


የቀድሞ መምህር

ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጨዋታችሁን ሳነብ አመሸሁ። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤት ነኝ።

ሁላችሁም የምታውቋትን አንዲት የሕዝብ ግጥም ላንሳ፦

አባይ ጉደል ብለው አለኝ በታኅሣሥ፣
የማን ሆድ ይችላል እስከዚያው ድረስ።

ይህች ግጥም ለምን እንደዘለቀች አስባችሁ ታውቃላችሁ? በድሮው ጊዜ አባይ ከሞላ ሞላ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ነጋዴም፣ ደብዳቤም፣ ሙሽራም አይሻገርም። ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ጎጃም ለብቻው ይቀራል። ያ ሰውዬ የሚወዳት ማዶ ናት። «ጉደል» ሲለው ወንዙ በታኅሣሥ አለው። ገና አምስትና ስድስት ወር አለ። ይህ ትልቅ ወንዝ ብቻ የሚያመጣው ሐዘን ነው። ወራት የሚቆጥር ሐዘን ነው።

ትንሽ ወንዝ እንደዚህ አይደለም። ጮቄ ላይ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ማታ ላይ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ጠዋት ስትነሱ ወንዙ ጉልበት ላይ አይደርስም። እዚያ መልካ ላይ ቆማችሁ የምትጠብቁት ለአንድ ምሽት ነው። ታዲያ ግጥሙም የተለየ ነው። የትንሽ ወንዝ ግጥም የተቆጣ፣ የቸኮለ፣ የሚሳደብ ነው። «ነገ እሻገራለሁ» ይላል። «ባልሻገርስ?» ብሎም ይፈራል። የጎረምሳ ግጥም ነው። የአባይ ግጥም ደግሞ የታገሠ ሰው ግጥም ነው።

አሁን «ጨሞጋ» ን አውጥታችሁ «አባይ» ስታስገቡ ስም ብቻ አይደለም የሚቀየረው። ሰዓቱ ይቀየራል። አባይ ማታ ሞልቶ ጠዋት አይጎድልም። ግጥሙ ይዋሻል። እኔን የሚያስቆጣኝ ይሄ ነው። እንዲህ የተቀየረ ግጥም ሰምታችሁ «አንድ ነገር ይጎድለዋል» ካላችሁ፣ የጎደለው ይሄ ነው።

በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል አዲሱ ድልድይ ሲመረቅ አይቻለሁ። ዛሬ አባይን በመኪና በደቂቃ ትሻገራላችሁ። ሙጋን ግን ዝናብ ሲመጣ ዛሬም ቆሞ የሚጠብቅ ገበሬ አለ። ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ አባት አለ። ስለዚህ ሕያው የሆነው የትንሹ ወንዝ ግጥም ነው። የአባዩ የድሮ ሆኗል።


ባለማሲንቆ

የኔታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ማንም እንዲህ አድርጎ ነግሮኝ አያውቅም። ነገ ከነገ ወዲያ ለልጆቹ አስተምርበታለሁ።


ብቸናዊት

እኔ ደግሞ ስለ ሴቶቹ ልጻፍ። እስካሁን ስለ አዝማሪና ስለ ዘፋኝ ነው የምታወሩት። የወንዙን ግጥም የያዙት እኮ ሴቶች ናቸው።

ወንዝ ወርዶ ውሃ የሚቀዳው ማነው? ልብስ የሚያጥበው ማነው? እንዶድ ወቅጣ አረፋ የምታወጣው፣ ጋቢውን ድንጋይ ላይ የምትደበድበው ማናት? ወንዝ የሴት ቦታ ነበር። ወሬው እዚያ ነበር። ስለ ባል፣ ስለ አማት፣ ስለ ጋብቻ የሚባለው ሁሉ እዚያ ነው የሚባለው። አንዷ ጀምራ ሌላዋ ትቀበላለች። ወንድ ሲመጣ ዝም ይባላል። ጎረምሳው ከብት ሊያጠጣ መጣሁ ይላል፤ ግን ለምን እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

እንግጫ ደግሞ አለ። ዘመን መለወጫ ሊደርስ ሲል ልጃገረዶች ተሰብስበው ጨፌው ላይ እንግጫ ይነቅላሉ። ዘፈኑ ከቤት ይጀምራል፣ ጨፌ ላይ ይደምቃል፣ ሲመለሱም ይቀጥላል። እንግጫው ተጎንጉኖ ከአደይ አበባ ጋር ይታሰራል። ይህ በዓል ያለ ወንዝና ያለ ጨፌ አይሆንም። ጨፌው ከታረሰ እንግጫው የለም። እንግጫው ከሌለ ግጥሙ ለማን ይባላል? እኛ ጋ የተወሰነው ጨፌ ታርሷል። ልጃገረዶቹ ራቅ ያለ ቦታ መሄድ ጀምረዋል።

የሚሰበስብ ሰው ካለ መጀመሪያ አያቱን ይጠይቅ። ማይክ ይዞ ዘፋኝ ጋ አይሂድ።


የጨሞጋው

እህቴ ብቸናዊት፣ የጻፍሽውን ለእናቴ አነበብኩላት። «እውነቷን ነው» አለችና ዝም አለች። ከዚያ አንድ ግጥም ጀመረችልኝ፤ ግን «ይሄ ለወንድ አይባልም» ብላ አቋረጠችው። እህቴን ልልክባት ነው።


መራዊ

ከራሴ ተነስቼ አንድ ሐሳብ ልስጥ። የትንሽ ወንዝ ትልቁ ቀን ከተራ ነው። ጥር 10። ታቦት ወደ ውሃ ይወርዳል። ትልቅ ወንዝ ለዚህ አይመችም፤ ሕዝቡ ዳር ቆሞ ጥምቀተ ባህሩን መክበብ አይችልም። ትንሹን ወንዝ ግን ወጣቶቹ በድንጋይና በሣር ገድበው ውሃውን ያቁሩታል። በቁራሹ ውሃ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይዘመራል። ንጋት ላይ ይባረካል፣ ሕዝቡ ይረጫል። በዓመት አንድ ቀን ያ ስም የለሽ ጅረት ዮርዳኖስ ይሆናል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባለው እኮ እዚያ ዳር ለመታየት ነው! ሎሚ የሚወረወረውም እዚያው ነው። ስንት ትዳር በዚያች ቁራሽ ውሃ ዳር ተጀምሯል።

እኛ ጋ ደግሞ ቆጋ አለ። የግልገል አባይ ገባር ነው። አሁን ግድብ ሆኗል። ወደ 7,000 ሄክታር መሬት ያጠጣል ተብሎ ነው የተሠራው። በበጋ ስንዴና ሽንኩርት እያየን ነው፤ ብዙ ቤት ጠግቧል። ነገር ግን ልጆች «ቆጋ» ስትላቸው ቦዩንና ግድቡን ነው የሚያስቡት። ወንዝነቱ ከአፋቸው እየወጣ ነው። ይህ ጥሩም መጥፎም ነው ለማለት አይደለም። እንዲህ እየሆነ መሆኑን ግን ማወቅ አለብን።


አፈርና ውሃ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ በዚህ ክር ትንሽ ተከፍቻለሁ። ወንዞቹ እየደረቁ እናንተ ስለ ዘፈን ታወራላችሁ።

የግብርና ባለሙያ ነኝ። ጮቄ ላይ የማየውን ልንገራችሁ። የደጋው ተክል ጅብራው ወደ ላይ ሸሽቷል። ገብስና ድንች ገደል አፋፍ ላይ ይታረሳል። አፈሩ በክረምት ይሄዳል፣ ቦረቦሩ በየዓመቱ ይሰፋል። ሜዳው ላይ ደግሞ ባህር ዛፍ ምንጭ ዳር ይተከላል። በበጋ ከላይ ያለው ገበሬ በሞተር ይስባል፤ ታች ያለው ውሃ ያጣል። ከዚያ ሽማግሌ ይሰበሰባል። ግጥም ይህን አያስቆመውም። ስለ አባይ ስንት ዘፈን ተዘፈነ? አንዱ ዘፈን አንዲት እርከን ሠርቷል?


የጨሞጋው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከባድ ነው። ቁጣህም ይገባኛል። ግን እኔ እንዲህ ነው የማስበው። ሰው የማያውቀውን ወንዝ አይጠብቅም። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገ ወጣት ጨሞጋን ካርታ ላይ እንኳ ካላወቀው፣ ስለ ቦረቦሩ ብትነግረው ምን ይሰማዋል? አያቱ የተዳረችበት መልካ መሆኑን ካወቀ ግን ይሰማዋል።


ሰከላዬ

ለአፈርና ውሃ፦ ግሽ ላይ ምንጯን የጠበቃት ዘፈን አይደለም፤ ቅድስናዋ ነው። ዙሪያዋን ማንም አያርስም። ዛፉን ማንም አይቆርጥም። ወዳጄ የጨሞጋው የሚለው ትክክል የሚሆነው ታሪኩ ከሥርዓት ጋር ሲያያዝ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደን ለምን ተረፈ? ሰው ስለሚፈራና ስለሚያከብር ነው። ግጥም ብቻውን ግን አንተ እንዳልከው ነው።


አፈርና ውሃ

ይህን እቀበላለሁ። ከተራ የሚከበርበት ቦታ ዳር ያለውን መሬት ማንም ደፍሮ እንደማያርሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ ከገበሬዎች ጋር ስንወያይ ይህን አነሳለሁ። እርከንን በእርከንነቱ ከማስረዳት «ታቦታችሁ የሚወርድበት ውሃ» ብሎ መጀመር ይሻላል።


አዲስ አበባ ያለሁ

እኔ አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት። ወላጆቼ ከደጋ ዳሞት ናቸው። አንድ ነገር ግን ትዝ አለኝ። ማንኩሳን የምናውቃት በምን ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ በጻፉት ልብ ወለድ ነው። በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ደግሞ አገር ሁሉ አወቃት። ፍቅር እስከ መቃብር ባይኖር፣ ጎጃም ያልረገጠ ሰው ስለ ማንኩሳ ምን ያውቅ ነበር? ዛሬ ግን ያን መንገድ የሚያልፍ ሰው ታፔላውን ሲያይ መስኮት ላይ ይንጠራራል። ትንሽ ቦታ በአንድ ሥራ ትታወቃለች። ስለዚህ አንድ ጥሩ ዘፈን፣ ስሙን ሳይቀይር የተቀዳ አንድ ዘፈን ብቻ ለተምጫ በቂ ነው። ሐዲስ ራሳቸው የተወለዱት ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቅ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። የጨሞጋው፣ የአገርህ ልጅ መንገዱን አሳይተውሃል።


የወተት አባይ ልጅ

ስለ ዓሣው ማንም አላነሳም! በክረምት ከጣና ነጭ ዓሣ እንቁላል ለመጣል ወደ ግልገል አባይና ወደ ገባሮቹ ሽቅብ ይወጣል። ድሮ ልጆች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ ይበትናሉ፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። አሁን እንዲህ እንዳያደርጉ እንመክራለን፤ እንቁላሉን የያዘውንም ስለሚገድል። ይሁን እንጂ የኛ የልጅነት ጨዋታ ግጥም ሁሉ ከዚያ ዓሣና ከዶቅማው ጋር ነው። ዶቅማ የበላ ልጅ ምላሱ ይጠቁራል፤ እናት «ወንዝ ወርደህ ነበር» ብላ የምታውቀው በሱ ነው።


ደምበጫ

እኔ ዘፋኝም ገጣሚም አይደለሁም። ግን የኔታ ስለ ትንሽ ወንዝ ግጥም የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሲመጣብኝ አደረ። ራሴ የገጠምኳት ናት፤ የሕዝብ አይደለችም፦

ተምጫ ሞላ ብለው ከዳር ተቀመጥኩኝ፣
እስኪጎድል ድረስ ሰርጉ አመለጠኝ።


የቀድሞ መምህር

ደምበጫ፣ ጎበዝ! ልክ እንዲህ ነው ያልኩት። አንድ ምሽት ብቻ ነው የጠበቅኸው፤ ያ አንድ ምሽት ግን ሰርጉን ወሰደብህ። አባይ ብትል ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር። ማን በሰኔ ለሰርግ አባይ ይሻገራል?


የጨሞጋው

እኔም በደምበጫ ተደፋፍሬ ሞክሬአለሁ። ይህችም የኔ ናት፦

ጨሞጋ ቢሞላ ጠዋት ይጎድላል፣
ያንቺ ኩርፊያ ግን ስንት ክረምት ይሻል።


ብቸናዊት

እንዴ! ይህችን ሴት ልታስታርቅበት ነው? ጥሩ ናት። አሁን የሷን መልስ ከሴቶቹ በኩል ማምጣት የኛ ተራ ነው።


ባለማሲንቆ

ያገሬ ልጆች፣ ሁለቱንም ወሰድኳቸው፤ ባለቤቶቹ ፈቅዳችሁልኝ እንደሆነ። በጥር ደምበጫ አካባቢ የምጫወትበት ሰርግ አለ። የተምጫዋን እዚያ እሞክራታለሁ። ዜማው በአንቺሆዬ ይሁን በባቲ ገና አልወሰንኩም፤ ስትለማመዱት የትኛው ይሻላል? ግጥሙ የቸኮለ ነው፤ ፈጠን ያለ ይሻለዋል ብዬ አስባለሁ።

ስትሰበስቡ ግን እባካችሁ ሦስት ነገር አትርሱ። የወንዙን ስም እንደሚጠራው ጻፉት። ግጥሙ ለምን ተባለ፣ ለሰርግ ነው፣ ለአጨዳ ነው፣ ለለቅሶ ነው? ያለችው ሰው ስሟ እንዲጠቀስ ትፈቅዳለች ወይ? ካልፈቀደች አካባቢውን ብቻ ጻፉ። ዜማውን በስልክ ቅዱት፤ ግጥም ያለ ዜማው ግማሹ ነው።

ደግሞ የሱሃን ግጥም የያዘ ሰው እስካሁን አልመጣም። ጨሞጋ መጣ፣ ተምጫ መጣ፣ ሙጋ በየኔታ በኩል ተነሳ። ሱሃ ዳር ያላችሁ፣ የጀደብም ሰዎች፣ እናንተን እየጠበቅን ነው።


የደብረ ወርቅ ልጅ

ሱሃን እኔ አመጣለሁ። አክስቴ ጋ እሑድ ነው የምሄደው። የለቅሶ ሙሾ ነው የያዘችው፤ ውሃ የወሰደው ወጣት ላይ የተባለ። ካልከበዳችሁ ልጻፈው?


የጨሞጋው

ጻፊው እህቴ። ከፈቀደች ድምፅዋንም ቅጅው። ስሙን ግን እንዳትቀይሪው።